«ከፋሲካ በኋላ»ን የተጣላሁበት ዘመን

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሥራ ባልደረቦቼ ወፍራም ቡሉኮ ሸለሙኝ። ዳቦ ተቆረሰ፣ ለስላሳ ተከፈተ፣ ከወጣቶቹ ነርሶች አንዱ ተነሥቶ «ሲስተር የሺ ብዙ ደክመዋል፤ እንግዲህ ቤትዎ ቁጭ ብለው፣ ቡሉኮዎን ተከናንበው ይረፉ» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም ፈገግ ብየ ተቀበልሁ እንጂ ውስጤ ድብን ብሏል። ልጁ ክፋት የለውም፤ እኔው ያስተማርሁት ነው። ግን ማን ደከመኝ አለው?

ቡሉኮውን አንድ ቀንም አልተከናነብሁት። ዛሬ ትክል ድንጋይ ጤና ጣቢያ፣ ከመጨረሻዋ ጠባብ ክፍል መስኮት ላይ ተሰቅሏል። የዓይንን ውስጥ ለማየት ክፍሉ መጨለም አለበት፤ የዚያ ክፍል መጋረጃ ደግሞ ከወንፊት አይሻልም። መንገዱ ሰላም ሲሆን በየወሩ ከጎንደር ከሐኪሞቹ ጋር እሄዳለሁ፤ ስኳር ያለባቸውን ሰዎች ዓይን እናያለን። የሚከፍለኝ የለም። ልጆቼ «እማየ፣ ምን አጥተሽ ነው?» ይሉኛል። ምን አጥቼ እንደሆነ ነው እንግዲህ የምጽፈው።

ሥራ የጀመርሁት ዳባት ነው። የደጋው ብርድ ጣቴን እያደረቀው በየገጠሩ የምዞረው የሰው ሽፋሽፍት ለመንቀል ነበር። ትራኮማ የዓይን ቆብን ወደ ውስጥ ይገለብጠዋል፤ ሽፋሽፍቱም ዓይንን እየፈገፈገ ያቆስለዋል። ሰውን ከፀሐይ ፊት ለፊት አስቀምጬ በቀጭን ወረንጦ አንድ በአንድ እነቅላለሁ። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ ከወር ወር አድርሶኛል፣ ልጆች አሳድጎልኛል፣ ይበቃል። ከዚያ የዓይን ሕክምና ሥልጠና ወስጄ ጎንደር ከተማ፣ አንድ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ተዛወርሁ።

አያ ታከለን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። የክፍሉ አንጋፋ ነርስ ነበሩ፤ አጭር፣ ቁጡ፣ ወሬ የማይወዱ። የእጄ ሥራ ሁሉ ከእሳቸው የቀዳሁት ነው። ጠዋት ሲገቡ የዓይን ብሌን የሚያሰፋውን ጠብታ ብልቃጥ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይከቱታል። መጀመሪያ ስስት መስሎኝ ነበር። ለካ እያሞቁት ነው፤ የጎንደር ጠዋት ያቀዘቀዘው ጠብታ ዓይን ላይ ሲያርፍ ሰው ደንግጦ ይጨፍናል፣ ግማሹ መድኃኒት ጉንጭ ላይ ይቀራል። ሁልጊዜም ከታማሚው ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ነው የሚቀመጡት። ጠብታውን ከጨመሩ በኋላ ደግሞ የዓይኑን የውስጥ ጥግ፣ ከአፍንጫው ሥር፣ በጣታቸው ጫን ያደርጉና በልባቸው አባታችን ሆይን እስኪጨርሱ አይለቁትም።

«አያ ታከለ፣ ምነው እንዲህ ይይዙታል?» አልኋቸው።

«ጠብታው የዓይን ነው» አሉኝ። «ጉሮሮ ምን ቤት ነው?»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። በዓመት አንድ ቀን እኛኑ ነርሶቹን አስቀምጠው ጠብታውን ይጨምሩልናል። የዓይናችን ብሌን ይሰፋል፣ ብርሃኑ ይወጋናል፣ ቅርብ ያለው ነገር ሁሉ ይደበዝዛል። እንደዚያው ሆነን በአራዳ በኩል ወደ ቤት እንሄዳለን። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ዘመዴ መስሎኝ አንድ የማላውቀውን ነጋዴ ጉንጩን ስሜ ሳልጨርስ አመለጠኝ። በማግሥቱ ሳወራላቸው አልሳቁም። «አሁን በሽተኛውን ‹ምንም አይልህም› ስትይው ምን እያልሽው እንደሆነ ታውቂያለሽ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማንም ሰው ምንም አይልህም ብየ አላውቅም። እስከ ማታ ይደበዝዝብሃል፣ ፀሐይ ይወጋሃል፣ ነገ ይለቅሃል ነው የምለው።

በዚያ ጊዜ በብዛት የሚመጣልን የዓይን ሞራ ያለበት ሰው ነበር። አይቀየሙኝና ሞራ ሸጋ በሽታ ነው። ሰውየው በሰው ተመርቶ ይመጣል፣ ይሠራለታል፣ በማግሥቱ ፋሻው ሲነሣ የልጁን ፊት ያያል፣ አንቺንም መርቆ ይሄዳል። የስኳር ዓይን እንዲህ አይደለም። አያምም፣ አይቀላም፣ አያሳክክም። ዓይናችን ከውስጥ በስተጀርባው ብርሃን የሚያርፍበት ስስ ገበር አለው፤ በእሱ ላይ የክር ያህል የቀጠኑ የደም ሥሮች ይሄዳሉ። የደም ስኳር ለዓመታት ከፍ እንዳለ ሲቆይ እነዚያ ሥሮች ይደክሙና ማፍሰስ ይጀምራሉ። በመሣሪያችን ስናይ መጀመሪያ ቀያይ ነጠብጣብ፣ ቀጥሎ ቢጫ ቢጫ ጠቃጠቆ ይታየናል። ሲብስበት ዓይኑ ደም ስላጠረው አዳዲስ ሥር ያበቅላል። ጉደኞቹ እነዚህ ናቸው። ልፍስፍስ ናቸው፤ እስኪፈነዱ ድረስ ግን ሰውየው ከዕይታ መለኪያው ሰሌዳ ላይ የመጨረሻዋን ፊደል አንብቦልሽ እየሳቀ ይሄዳል። የፈነዱ ቀን ደም ዓይኑን ይሞላዋል።

ሌዘር የሚባል ብርሃን አለ፤ እነዚያን ሥሮች ያደርቃል። የጠፋውን አይመልስም፣ ያለውን ይይዛል። ስለዚህ ጥቅሙ ሰው ገና እያየ ሲመጣ ነው። የሥራ ዘመኔ ግማሽ ያለቀው እንግዲህ እያየ የሚመጣ ሰው ፍለጋ ነው። ስኳር ዓይን አያጠፋም አልልም፤ ያጠፋል። እኔ ካየኋቸው ብዙዎቹን ያጠፋቸው ግን «እስቲ ይቆይ» ነው።

የክፍላችን ኃላፊ ዶክተር ከእኔ በዕድሜ ያነሰ፣ እጁ የተባረከ ሐኪም ነው። ሌዘሩን የሚሠራው እሱ ነው። ወደ ገጠር እንውጣ ስለው ግን «ሲስተር፣ እዚህ የሚመጣውንስ መች ጨረስነው?» ይለኛል።

«እዚህ የሚመጣው ከጠፋ በኋላ ነው» እለዋለሁ። «እኔ ሳይጠፋ ያለውን ነው የምፈልግ።»

ያልነዘነዝሁበት ቦታ የለም። ቢሮው በር ላይ፣ ደረጃው ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። በመጨረሻ «መኪናውን ከመስጠት እርስዎን መቋቋም ይከብዳል» ብሎ ፈረመልኝ። የመጀመሪያው ጉዟችን ትክል ድንጋይ ሆነ፤ ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ ነበር።

ጤና ጣቢያው አስቀድሞ ስኳር ያለባቸውን ሰዎች ጠርቶልን ስለነበር ግቢው በሰው ተሞልቶ ጠበቀን። ከእነሱ መካከል ሙሉ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። በገበያው ዳር ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ የምትሰፋ፣ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ልጆቿን በመርፌ ያሳደገች ሴት። ስኳር ካለባት ብዙ ዓመት ሆኗታል። ሰሌዳውን በሁለቱም ዓይኗ ተራ በተራ አነበበችልኝ፤ አንድ አልሳተችም።

ጠብታውን ከፊት ለተሰለፉት መጨመር ጀመርን። ያን ቀን ብዙ ሰው ስለነበረ የጤና ጣቢያው ልጆችም እያገዙኝ ነበር፤ የዓይኑን ጥግ መያዝ ግን አላወቁበትም። ትንሽ ቆይቶ አንድ ሽማግሌ ከወንበራቸው ተነሥተው መሬት ላይ ተፉ።

«ጉሮሮዬን መረረኝ» አሉ። «ይኸ ነገር ይዋጣል።»

በቃ። ቃሉ በግቢው ውስጥ ዞረ። ሁሉም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ነው። ከዘጠኝ በኋላ እንዳንጨምርላቸው መኪናው ይመለሳል፤ ሰውም ብሌኑ ሰፍቶ በምሽት ገደል ለገደል አይሄድም። አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጦ የአካባቢውን የንስሐ አባት ቄስ ይርጋን ጠይቆ ተመለሰ። መልሱን ጮክ ብሎ ነው የተናገረው፤ «አባ ደኅና የሆነ ሰው ከፋሲካ በኋላ ይታይ ብለዋል።»

ግቢው ባዶ ሆነ። ሙሉን በሩ ላይ ደረስሁባት።

«አንቺስ ምነው?» አልኋት።

«ሲስተር፣ እኔ እኮ በመርፌ ቀዳዳ ክር አስገባለሁ። ምን ሁኘ ነው ጾሜን የማፈርስ?»

«ክኒንሽንስ እንዴት እያደረግሽ ነው?»

«ወደ ማታ አዙሬዋለሁ። ማንንም አላስቸገርሁም።»

ሐኪም ሳታማክር ነው ያዞረችው። ክኒንሽን በገዛ እጅሽ አታዛውሪ፣ ዓይንሽ ደኅና መሆኑን እኔ ሳላይ አንቺ ልታውቂ አትችይም አልኋት። አከበረችኝ፣ ሰማችኝ፣ ሄደች። የምገባበት ቸገረኝ። ወደ ጎንደር ስንመለስ ዶክተሩ መኪናው ውስጥ «አላልሁዎትም?» አላለኝም፤ ያን ቀን ስለዚያ ወደድሁት።

ፋሲካ አልፎ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ሙሉ እኛ ክፍል መጣች። ልጇ ክንዷን ይዛታለች። ከሰሙነ ሕማማት በአንዱ ቀን ጠዋት ስትነቃ በግራ ዓይኗ ጥቁር ሻሽ የወረደባት መስሎ ታይቷታል። ይለቀኛል ብላ ዝም አለች። ከፋሲካ በኋላ ተብላ የለ። አንገቷን ቀና አድርጌ ጠብታ ጨመርሁላት፣ ጥጉን ያዝሁላት፣ ዶክተሩም አየ። ግራው በደም ሞልቷል፤ ከደሙ ጀርባ ያለውም ገበር ተጎትቶ ተነቅሏል። አዲስ አበባ ላክናት፤ ቀዶ ሕክምናም ተደረገላት፤ አልሆነም። በዚያ ዓይኗ ብርሃን እንኳ አትለይም።

ይህን ሳስበው ዛሬም እናደዳለሁ። ከዚያች ሴት ጋር በአንድ ግቢ ውስጥ ነበርን። መሣሪያው ነበረን፣ ሐኪሙ ነበረን፣ ዓይኗ ያን ጊዜ ነበር። በእጃችን ላይ እያለ ነው የሄደው። አያ ታከለ ጡረታ ላይ ነበሩና ቤታቸው ሄጄ ነገርኋቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ «ቀኙስ?» አሉኝ።

ቀኙ እያየ ነበር። እነዚያ ልፍስፍስ ሥሮች ግን እዚያም በቅለዋል። ዶክተሩ ባስቸኳይ ሌዘር መጀመር አለበት ብሏታል፤ እሷ ግን ከአዲስ አበባ እንደተመለሰች ቀረች። ስልኳን አታነሣም። ወር አለፈ፣ የሐዋርያት ጾም ገባ። ያቺ ሴት አንድ ዓይን ነው የቀራት፤ እሱም ዛሬ ወይም ነገ ሊፈነዳ የሚችል ነው። ሠልስት እንደሚጠብቅ ለቀስተኛ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም ብየ በሕዝብ ማመላለሻ ተሳፍሬ ትክል ድንጋይ ወረድሁ።

በረንዳው ላይ አገኘኋት። መኪናዋ ተሸፍኗል። ነጠላዋን በግራ በኩል ዝቅ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ምነው ጠፋሽ ሙሉ?»

«ጸበል ነበርሁ።»

«ሸጋ። ጸበሉን ተጠመቂ፤ ሌዘሩንም ተሠሪ። ማን አጣላቸው?»

«ሲስተር፣ አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ምን አገኘሁ? ያንዱን አየሁት። ይኸንንስ ነካክታችሁ ብታጠፉብኝ ልጆቼን ማን ሰፍቶ ያበላቸዋል? አሁንም ጾም ነው። አባ ሳይሉኝ አልነካም።»

አባ ሳይሉኝ። እንግዲያው አባ ዘንድ ነው የምሄደው አልሁ። ተናድጃለሁ፤ መናደዴንም አልደብቅም።

ቄስ ይርጋን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ከዋርካው ጥላ ዳዊት ሲደግሙ አገኘኋቸው። መስቀል ተሳለምሁና ገና ሳልቀመጥ ጀመርሁ።

«አባ፣ ሙሉን ከፋሲካ በኋላ ያሏት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ምነው ልጄ?»

«ግራ ዓይኗ ጠፍቷል።»

«ሰምቻለሁ። ጠብታው ነው ይላሉ።»

«ጠብታውን የት አገኘችውና። የጠፋው ሳትታይ በመቅረቷ ነው።»

ዳዊታቸውን ዘጉ። ቁጣዬን በቁጣ ይመልሱልኛል ብየ ጠብቄ ነበር፤ ሰውየው ግን አልተቆጡም።

«የታመመ ሰው መድኃኒት እንዳይወስድ ከልክየ አላውቅም» አሉ። «ለአራስ፣ ለተኛ ሰው፣ ብላ ብየ የፈታሁ እኔ ነኝ። ሙሉ ግን ቁማ የምትሄድ ናት። በዚያው ሰሞን እፊቴ ቁማ ከካባዬ ጫፍ ላይ ሰው የማያያት ክር ነቅላ ጥላልኛለች። እንዲህ የምታይ ዓይን ምኑ ታመመና ፈቃድ ይፈልጋል ብየ ነው።»

ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ ስሟገት የነበረው ከጾሙ ጋር መስሎኝ ነበር፤ ጾሙ በመንገዴ ላይ አልቆመም። ለታመመ ሰው በሩ ክፍት ነው። እዚህ አገር ግን የታመመ ማለት የተኛ ነው። ቆሞ የሚሄድ፣ ክር የሚያይ ሰው ታማሚ ነኝ ብሎ ፈቃድ ሊጠይቅ ያፍራል፤ የሚፈቅዱትም ጤነኛ ነው ብለው ያስባሉ። ሙሉም፣ አባም፣ ግቢውን ጥሎ የሄደውም ሰው ሁሉ የተሳሳተው በዚህችው ነው።

«አባ፣ የስኳር ዓይን እያየ ነው የሚታመም» አልኋቸው። «ክር ያየችልዎ ቀን ታማ ነበር።»

«ጠብታው ግን ጉሮሮ ይወርዳል ተብሏል» አሉ።

«ካልያዙት ይወርዳል። ሲያለቅሱ አፍንጫዎ ይፈስ የለ? ከዓይን ጥግ ወደ አፍንጫ የምትወርድ ቀጭን ቧንቧ አለች። እሷን ይዞ ማቆየት ነው።»

«እንግዲያ በኔ ዓይን አሳይኝ። ዛሬ ቅዳሴ የለብኝም።»

ብልቃጡ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። ዓይናቸውን አስቀድሜ ከጎን በባትሪ አየሁት፤ የፊተኛው ክፍሉ ጠባብ የሆነ ዓይን ላይ ጠብታው ግፊት ሊያመጣ ስለሚችል ዝም ተብሎ አይጨመርም። ደኅና ነው። ድንጋይ ላይ ዝቅ ብየ ተቀመጥሁ፣ በቀኝ ዓይናቸው ጨመርሁ፣ ጥጉን ያዝሁ፤ እሳቸው ራሳቸው አባታችን ሆይን ደገሙ። ስለቅ ምራቃቸውን ዋጥ አድርገው ጠበቁ።

«መረረዎት?»

«አልመረረኝም።»

ቆይተው ዳዊቱን ሲገልጡ ፊደሉ ድብዝዝ አለባቸው። እስከ ማታ እንደሚቆይ ነገርኋቸው። መጽሐፉን ዘግተው፣ «እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከዚህ ተገኚ» አሉኝ።

ተገኘሁ። ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ሙሉ ከሴቶቹ ወደ ኋላ ቆማለች። ቄስ ይርጋ ትምህርታቸውን ከጨረሱ በኋላ መቋሚያቸውን ተደግፈው እንዲህ አሉ።

«ሙሉን ከፋሲካ በኋላ ያልኋት እኔ ነኝ። ዓይኗ በእኔ ቃል ቀረ። ከእንግዲህ ስኳር ያለበት ሰው ዓይኑን ለመታየት እኔን አይጠይቅ። ታማችኋል። ቁማችሁ ብትሄዱም፣ ክር ብታዩም ታማችኋል። ለታመመ ሰው አስቀድሜ ፈቅጃለሁ።»

በሕይወቴ ብዙ ስብሰባ ላይ ተቀምጫለሁ፤ አንድ ትልቅ ሰው በሕዝብ ፊት እንዲህ ሲናገር ግን አልሰማሁም። አለቀስሁ። ሙሉ አላለቀሰችም። ሰው ሲበተን ቀስ ብላ መጣች።

«ይኸኛውን ታድኑልኛላችሁ?»

«ቃል አልገባልሽም» አልኋት። «ያለውን ለመያዝ እንሠራለን። ከተቀመጥሽ ግን መሄዱ አይቀርም።»

«ሌላው ሰው ሁሉ ይድናል ይለኛል፤ እርስዎ ግን አልዋሹኝም» አለች። «ሰኞ እመጣለሁ።»

ሰኞ መጣች። ሌዘር በአንድ ቀን አያልቅም። አገጭሽን መሣሪያው ላይ ታሳርፊያለሽ፣ መስታወት ዓይንሽ ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያ አረንጓዴ ብርሃን ቦግ ቦግ ይላል። አንዳንዱ ቦታ ሲደርስ ወደ ጭንቅላት ይነዝራል። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ጭንቅላቷን እይዛለሁ፤ ብትንቀሳቀስ ብርሃኑ የማይሆን ቦታ ያርፋል። አንድ ቀን መንገድ ተዘግቶ መኪና ጠፋ። ዛሬስ አትመጣም ብለን ክፍሉን ልንዘጋ ስንል በእግሯ ደረሰች፤ አቧራ ለብሳለች። ዶክተሩ ጓንቱን መልሶ አጠለቀ።

ቀኝ ዓይኗ ያዘ። ሌዘሩ ብቻውን አይደለም ያዳነው፤ ስኳሯ ወረደ፣ የደም ግፊቷም መድኃኒት ተጀመረለት፣ ጾም ሲገባ ክኒኗን እንዴት እንደምትወስድ ከሐኪሟ ጋር ተማከረች፣ ለአባም ተናገረች። ምሽት ላይ እንደ ድሮው አታይም፤ ሌዘር ከጨለማ ዕይታ ትንሽ ይወስዳል፣ ይኸንንም ቀድመን ነግረናታል። ፀሐይ ሳትጠልቅ መኪናዋን ትሸፍናለች። ይህን የለበስሁትን ቀሚስ የሰፋችው እሷ ናት።

አንባቢዬ፣ ስኳር ካለብሽ ወይም ካለብህ እኔ ሳልቆጣሽ የማልፍሽ አይምሰልሽ። ዓይንሽ ቢያይም ባያይም በየዓመቱ ጠብታ ተጨምሮልሽ፣ ከውስጥ በኩል መታየት አለብሽ፤ ሐኪሙ ቶሎ ተመለሺ ካለሽም ያኔ ነው የምትመለሺው። እርጉዝ ከሆንሽማ ሳትውይ ሳታድሪ ተናገሪ። ጥቁር ነጥብ ሲበርብሽ፣ መጋረጃ የወረደብሽ ሲመስልሽ በዚያው ቀን ነው መምጣት። መነጽር ቀይሬያለሁ ብለሽ አታታልይኝ፤ መነጽር ሻጭ የዓይንሽን ገበር አያይልሽም። ይህን ሁሉ ብየ እንኳ እስቲ ይቆይ የሚል አይጠፋም። ከእሱ ጋር ነው ጠቤ፤ ጡረታ ደግሞ ከጠብ አያሳርፍም።

ባለፈው ሁዳዴ ትክል ድንጋይ ነበርን። ግቢው እንደ መጀመሪያው ጊዜ ሰው ሞልቶታል። የዓይኑን ጥግ መያዝ አሁን ሁሉም ሠራተኛ ያውቀዋል። ሙሉም ለዓመቷ ምርመራ መጥታ ተሰልፋለች። ከፊቷ የነበረች ደርባባ ሴት ጠብታውን ልጨምርላት ቀና በይ ስላት ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋች።

«ሲስተር፣ አባም ፈቅደዋል፣ አውቃለሁ» አለችኝ። «እኔ ግን ምኔም አልታመመ። ልፋታችሁን አላብዛ፤ ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ።»

አፌን ልከፍት ስል ሙሉ ቀደመችኝ። ሰልፉን ትታ ከሴትዮዋ ፊት ቆመች። በግራ በኩል ዝቅ አድርጋ የምትለብሳትን ነጠላዋን ወደ ኋላ ገለጠች። ያቺ ዓይን ነጥታለች፣ ወደ ጎን ዞራለች።

«ይችም ከፋሲካ በኋላ እታያለሁ ብላ ነበር» አለቻት። «እያት። ካየሻት በኋላ ሂጂ።»

ሴትዮዋ አየቻት።  ከዚያ ተመልሳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ቀና አለች።